ምርቱ ለአበዳሪ፣ ርስቱ ለባለዕዳ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወሰው «መሬት ለአራሹ» በሚለው መፈክር ነው። አምስተኛ አንቀጹን ረጋ ብሎ የሚያነብ ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል። አንቀጹ ባለይዞታው መሬቱን በሽያጭ፣ በልውውጥ፣ በውርስ፣ በመያዣ፣ በወለድ አገድ፣ በኪራይም ሆነ በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ሽያጭና ኪራይ መጠቀሳቸው አያስገርምም። ወለድ አገድ ግን እንደ ደቡቡ ጭሰኛ መሬት አልባ ሆኖ ለኖረ ሰው ትርጉም አልነበረውም፤ አስይዞ የሚበደርበት መሬት የለውምና። ጉዳዩ የሰሜኑ ባለርስት ጉዳይ ነው። በወገራ ሜዳና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት የርስት አገሮች ገንዘብ የቸገረው ሰው መሬቱን ሳይሸጥ የሚበደርበት መንገድ ይህ ነበር። አዋጁም በአንዲት ቃል የዘጋው የብዙ ትውልድ የብድር ሥርዓት ነው።

እዚህ የምንከታተለው ጠባብ ጥያቄ ነው። ባለዕዳ መክፈል አቅቶት መሬቱ ወይም ቤቱ ከእጁ ሲወጣ፣ ከወጣ በኋላ ማን ሊያስመልሰው ይችላል? በተለይ ደግሞ ሐራጁ ሲካሄድ ተራው ያልደረሰው፣ ገንዘቡ በሌላው አበዳሪ የተቀደመበት ሰው ምን ይቀርለታል? ከጎንደር በስተሰሜን ያሉት ደባርቅና ዳባት ለዚህ ጥያቄ የሚመረጡት ትልቅ የሕግ ክርክር ስለተነሣባቸው አይደለም። የርስት፣ የሕግ ኮድ፣ የአብዮትና የባንክ ዘመን በአንድ መንገድ ዳር ተደራርቦ የሚታይባቸው ቦታዎች በመሆናቸው ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ወገራን አቋርጦ ዳባትን፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅን ያገኝና በሊማሊሞ ገደል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው ይህን አቀበት ወጥቶ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን በዚያው ገደል ላይ ለመኪና የሚሆን መንገድ ቆርጦበታል። ወገራ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው፤ ጎንደር መናገሻ በነበረች ጊዜ ከተማዋ እህሏን ከምታገኝባቸው አውራጃዎች አንዱ ይኸው ደጋ ነበር። እህሉን የሚገዛ ነጋዴ፣ ጨውና ጨርቅ የሚያመጣ ቅፍለት፣ ግብር የሚሰበስብ መኮንን ባሉበት ቦታ ብድር አለ። ብድር ካለም ያልተከፈለ ዕዳ አለ።

የዕዳ ሕጉ በመጽሐፍ ደረጃ ፍትሐ ነገሥት ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚናገሩ ክፍሎች አሉት፤ አራጣንም ያወግዛል። በአደባባይ የሚታየው አሠራር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በሰው ላይ የተመሠረተ ነበር። አበዳሪ ፊት የሚቆመው ዋስ ነው፤ ዋስ ከሌለ ደግሞ ባለዕዳው ራሱ። የ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦች በተደጋጋሚ የጻፉለት ቁራኛ፣ አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ልማድ፣ ለእነሱ እንደ እንግዳ ነገር ታይቷቸዋል። ከብድር አንጻር ሲታይ ግን የተለመደ አመክንዮ አለው፤ የባለዕዳውን መሬት ወስዶ መሸጥ በማይቻልበት አገር የሚያዘው ሰውዬው ነው።

ለምን አይቻልም? ርስት የአንድ ሰው ብቻ ስላልነበረ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያጠናውና በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዘረዘረው ሥርዓት በመሠረቱ ወገራን በያዘው በቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛትም የሚታወቅ ነው። የርስት መብት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናትም በአባትም ወገን በሚቆጠር ትውልድ ይወረሳል። አንድ ባለርስት የሚያርሰው ማሳ በዛሬው እጁ ቢሆንም፣ ከዚያው አባት የሚቆጥሩ ዘመዶች ሁሉ ነገ ድርሻችን ነው ብለው ሊነሡበት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ማሳ በዕዳ ምክንያት ለባዕድ መስጠት ማለት ባለዕዳው ብቻውን የማይወስንበትን ነገር መስጠት ነው። ወሳጁም ቢሆን ምን እንደገዛ አያውቅም፤ የገዛው ማሳ ከብዙ ዘመድ ጋር የሚያከራክር ክስ ነው።

ወለድ አገድ የተወለደው ከዚህ ነው። ባለርስቱ ብር ወይም እህል ይበደራል፤ አበዳሪው ማሳውን ይረከባል፤ ያርሰዋል ወይም ያሳርሰዋል። ምርቱ በወለድ ፈንታ የአበዳሪው ሲሆን፣ ዋናው ዕዳ የተመለሰለት ቀን ማሳው ለባለቤቱ ይመለሳል። ከዛሬው የሕግ ቋንቋ አንጻር ካየነው እንግዲህ የማስመለስ መብቱ ለመሬቱ ከተፈጥሮው የተሰጠ ነው፤ ሽያጭ ስላልተደረገ መልሶ የሚገዛ የለም። ባለዕዳው ካልቻለ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ብሩን ከፍሎ ማሳውን ሊረከብ ይችላል፤ የርስቱ ወገን ነውና። አበዳሪው አልቀበልም ቢል የሚቆምበት መሠረት አልነበረውም።

ይህን ሥርዓት የዋህና ፍትሐዊ አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባም። ያልተከፈለ ዕዳ ለዓመታት ሲጓተት፣ ማሳው በአበዳሪው እጅ ላይ ትውልድ ሲሻገር፣ የማን እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሲያልቁ፣ ወለድ አገዱ ቀስ ብሎ ርስት ይመስላል። ርስት የሌለው ደግሞ ከመነሻውም ከሥርዓቱ ውጭ ነበር። በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤል፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ይስሐቅ ጋር በሚያያዘው ትውፊት መሠረት ርስት የተነፈጉ ናቸው፤ በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በጭሰኝነት ይኖሩ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎችም በክርስቲያኑ ደጋ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። ከዚህ ላይ አንድ ነገር መገመት ይቻላል፤ በገበያ ላይ ብር የነበረው ሰው ብዙውን ጊዜ ርስት ሊወርስ የማይችል ሰው ስለነበር፣ የወለድ አገድ ምርት ለእሱ የመጨረሻው ጥቅም ነበር እንጂ ወደ መሬቱ ባለቤትነት የሚያደርስ መንገድ አልነበረም።

ሆኖም በዚያው በርስቱ ዘመን፣ ከዳባት ብዙም በማትርቀው በጎንደር ከተማ መሬት ይሸጥ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚና ባልደረቦቹ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የሽያጭ ማስታወሻዎችን ሰብስበው አጥንተዋል፤ የክራሚ ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። የሚሸጠው በዋናነት ሪም፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበ መሬት ነበር። ማስታወሻዎቹ ሻጩንና ገዢውን፣ በወርቅ ወቄት የተቆጠረ ዋጋውን፣ ዳኞችን፣ እማኞችንና ዋሶችን ይጠራሉ። ከሻጮችም ከገዢዎችም መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር የማስታወሻዎቹ ዓላማ ነው። ያን ሁሉ ስም በቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ መጻፍ የፈለጉት ሽያጩ እንዳይመለስ ነው። ኅዳጉ የዘመኑ መዝገብ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ መሬት ያለ ማስመለስ እንዲተላለፍ ካስፈለገ በአደባባይ፣ በዳኛና በእማኝ ፊት መጻፍ ነበረበት፤ ካልተጻፈ ለርስት ልማድ የተተወ ነው። ከተማው የመጨረሻ ሽያጭን ያውቅ ነበር፤ ገጠሩ የማያልቅ ማስመለስን። ሁለቱ በአንድ አውራጃ ጎን ለጎን ኖረዋል።

ስሜን ውስጥ ደግሞ መሬትን ከሰው እጅ የሚያወጣው ትልቁ ኃይል ዕዳ ሳይሆን ሥልጣን ነበር። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ሲሸነፉና ደጃዝማች ካሣ እዚያው ደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ በውቤ ወገን የነበረው ጉልት ሁሉ ዕጣው በአንድ ቀን ተለወጠ። ጉልት የግብር መብት እንጂ የእርሻው ባለቤትነት ስላልሆነ ገበሬው በቦታው ቀረ። ከሽንፈት በኋላ የጉልት ማስመለሻው ሌላ ጦርነት ነው፤ ይህ የፍርድ ቤት ታሪክ አይደለምና እንለፈው።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በሁለት እርከን ነው። በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ኮዱ) በ1952 ዓ.ም. ወጣ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። የመጀመሪያው ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ከቁጥር 3041 ጀምሮ ይናገራል፤ ከቁጥር 3117 ጀምሮ ደግሞ ወለድ አገድን ራሱን በሕግ ያቋቁማል። የፈረንሳዩ ሊቅ ወለድ አገድን ከራሱ አገር ሕግ ያውቀዋል፤ የወገራ ገበሬም ከአያቱ ያውቀዋል። ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ምዕራፍ ላይ ነው።

በመያዣው ረገድ ኮዱ ያመጣው ለአገሩ አዲስ ነበር። አበዳሪው ንብረቱን በእጁ አያደርግም፤ በመዝገብ ላይ ያስጽፋል። መያዣው የሚጸናው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ምዝገባውም ለ10 ዓመት ይቆያል። ካልተከፈለ ንብረቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ይሸጥና አስቀድሞ የተመዘገበው ከዋጋው ላይ በቅድሚያ ይወስዳል። «ካልከፈልኩ ቤቱ ያንተ ይሁን» የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም። ይህ ለባለዕዳው ትልቅ ጥበቃ ነው።

ችግሩ መዝገቡ ነበር። ኮዱ ስለማይንቀሳቀሱ ንብረቶች መዝገብ አንድ ሙሉ ክፍል፣ ከ1553 ጀምሮ በርካታ አንቀጾችን ሰጥቶ፣ በመጨረሻው ላይ ግን በቁጥር 3363 ይህ ክፍል ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። ትእዛዙ አልወጣም። እንግዲህ በደባርቅ ከተማ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው ዕዳው የሚጻፈው በማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ላይ ነበር። የአበዳሪዎች ተራ የሚወሰነው ኮዱ ባሰበው ታላቅ መዝገብ ሳይሆን ጸሐፊው ደረሰኝ ቆርጦ ቀን በጻፈበት ወረቀት ሆነ። የሕግ መምህራን ስለ ቅድሚያ መብት ሲያስተምሩ ይህን ወረቀት አዘውትረው አይጠቅሱትም፤ ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሁለተኛው አበዳሪ ወዳለበት እንምጣ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አፈጻጸምን በዝርዝር ይደነግጋል፤ ንብረቱ ይከበራል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ይገመታል፣ በጨረታ ይሸጣል። ሐራጁ ከመጠናቀቁ በፊት ዕዳው ከተከፈለ ሽያጩ ይቆማል። ፍርድ ያገኙ ብዙ ገንዘብ ጠያቂዎች ካሉ፣ ቅድሚያ ያለው ወስዶ የተረፈውን እንደየገንዘባቸው መጠን ይካፈላሉ። በሽያጩ ላይ ጉልህ የሥርዓት ጉድለት ወይም ተንኮል ከተፈጸመ በቁጥር 445 መሠረት እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል። ሌላው ገንዘብ ጠያቂ ግን ቤቱ በረከሰ ዋጋ መሸጡን አይቶ፣ ለገዢው የከፈለውን መልሶ ቤቱን የሚረከብበት ጊዜ በሕጉ ውስጥ የለም። ሥርዓቱ ከተጠበቀ፣ መዶሻው ካረፈ በኋላ ሽያጩ ሽያጭ ነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ከመያዣ ሽያጭ በኋላ ባለቤቱ በአብዛኛው 6 ወር ያገኛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለገዢው የከፈለውን ከነወለዱ መልሶ ቤቱን ማስቀረት ይችላል። እሱ ካልተጠቀመበት ተራው የበታች አበዳሪዎች ነው፤ አስቀድመው ፍላጎታቸውን ካስመዘገቡ እንደ ቅደም ተከተላቸው እያንዳንዳቸው 7 ቀን ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ገዢውን ከፍሎ ይተካዋል፤ ቀጣዩ ደግሞ የቀደመውን ከፍሎ ይተካዋል። የዚህ አሠራር ጥቅም ገዢውን ማስፈራራቱ ነው፤ በርካሽ የገዛ ሰው ነገ ይነጠቃልና ሐራጁ ላይ ተገቢውን ዋጋ ለመስጠት ይገደዳል። ፈረንሳይ በ1804 እ.ኤ.አ. በወጣው ኮዷ ሌላ መላ ነበራት። መያዣ ያለበትን ንብረት የገዛ ሰው ከመያዣው ነጻ ለማውጣት ዋጋውን ለአበዳሪዎች ሲያቀርብ፣ ዋጋው አንሷል ያለ አበዳሪ በ40 ቀን ውስጥ አንድ አሥረኛ ጨምሮ ንብረቱ በሐራጅ እንዲወጣ መጠየቅ ይችል ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ የአበዳሪውን ጥበቃ ከሽያጭ በፊት አስቀመጠው፤ በምዝገባ፣ በግምትና በጨረታ። በእኔ ግምት ይህ በወረቀት ላይ የሚያስነቅፍ ምርጫ አይደለም። ፈጣን፣ ግልጽና ለገዢው የሚተማመንበት ነው። ነገር ግን ለደባርቅ ብጤ ከተማ ሲቆረጥ ልኩ ይጠባል። ከፊት ያለው ጥበቃ የሚሠራው ተጫራች ሲኖር ነው። ነዋሪው በሚተዋወቅበት፣ የጎረቤትን ቤት በሐራጅ መግዛት በሚያስነውርበት ቦታ ተጫራቹ አንድ ሁለት ሰው ቢሆን የሚጎዳው ባለዕዳው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተሰለፈው አበዳሪም ባዶ እጁን ይቀራል። ከሽያጭ በኋላ የሚሰጥ የማስመለስ መብት የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ቀጭን ገበያ ነበር።

በገጠሩ ግን ክርክሩ እዚህ አልደረሰም። ርስት በኮዱ የመያዣ መዝገብ ውስጥ አልገባም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ የተቋቋመው የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር በየጠቅላይ ግዛቱ ጥናት ሲያደርግ በቤጌምድርና ስሜን ያገኘው ያው ያልተለካ፣ በዘር የሚቆጠር ርስት ነበር። ወለድ አገዱም በሽማግሌና በእማኝ ይፈጸም ነበር።

ከዚያ የካቲት 1967 መጣ። የአዋጁን አምስተኛ አንቀጽ ከላይ አይተናል። በርስት አገሮች ላይ የሚሠራው ክፍል ደግሞ ገበሬው አዋጁ በጸናበት ጊዜ በሚያርሰው መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጠን በወለድ አገድ የተያዘን አንድ ማሳ እናስብ። ባለርስቱ ከሦስት ዓመት በፊት ተበድሯል፤ ማሳውን የሚያርሰው አበዳሪው ነው። በአዋጁ ቃል መሠረት ይዞታው የሚያርሰው ሰው ነው። ብሩን ይዞ የመጣ ባለዕዳም ማሳውን የሚያስመልስበት ሕጋዊ መንገድ ተዘግቷል፤ ምክንያቱም መመለስም ራሱ ማስተላለፍ ነው። ለዘመናት ያላለቀው የማስመለስ መብት በአንድ ቀን አልቋል። በተቃራኒው ከአዋጁ በፊት በነበረው ሳምንት ዕዳውን ከፍሎ ማሳውን የተረከበ ገበሬ ባለይዞታ ሆኖ ቀረ። የመሬት ክርክሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎ የተላለፈ በመሆኑ፣ ማን ያርስ ነበር የሚለው በመደበኛው ዳኛ ሳይሆን በጎረቤት ፊት ተወሰነ። መሬት ለአራሹ የሚለውን መፈክር በደቡብ የሚያስተውል ሰው ጭሰኛና ባላባት ያያል፤ በሰሜን ግን አራሹ አንዳንዴ አበዳሪው ነበር።

በከተማው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሬቱንና ትርፍ ቤቱን ወሰደ፤ ለቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረ። ከዚያ በኋላ በዳባት ወይም በደባርቅ በሐራጅ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን ሲያጸና ይህንኑ አስቀጠለ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም የገጠር መሬት ሽያጭ ውል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ፈራሽ ነው የሚለውን አቋም በተለያዩ ጊዜያት ይዟል። የሊዝ መብት በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በመያዣነት የሚቀርበው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን ነው።

በየካቲት 1990 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች አዲስ በር ከፈተ፤ ባንኩ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በራሱ ሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በዚህ አሠራር የኮዱ ጥብቅ ክልከላ ለአንድ ወገን ላላ። ከባንኩ በኋላ የተሰለፈው ነጋዴ፣ ደመወዙን የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ግብር የሚሰበስበው መንግሥት ሐራጁን የሚያውቁት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከጋዜጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለሠራተኛው ክፍያ ከሌላ ዕዳ በፊት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቅድሚያ የሚጠቅመው የሚካፈሉት ገንዘብ ሲኖር ነው።

ገበሬው በበኩሉ ለብዙ ዓመታት ያለ መሬት መያዣ ተበደረ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለገጠሩ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ይዋሳል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ሰንሰለቱ የለም፤ የቁራኛው ሐሳብ ግን፣ መሬት የማይያዝ ከሆነ ሰው ይያዝ የሚለው፣ በለዘበ መልኩ ተመልሷል።

በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ለገበሬው ተሰጠ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 ይህን ደብተር የያዘ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቀደ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ይህንኑ በአገር ደረጃ አጸናው። ገበሬው ካልከፈለ አበዳሪው የሚያገኘው መሬቱን አይደለም፤ ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብትን ነው። ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ወደ ባለይዞታው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ወለድ አገድ በአዲስ ልብስ ይታያል፤ ነገር ግን ሁለት ልዩነቶች አሉ። በጥንቱ ሥርዓት ምርቱ ወለዱን ብቻ ነበር የሚተካው፤ ዋናው ዕዳ እስኪከፈል ድረስ ማሳው በአበዳሪው እጅ ሳይወሰን ይቆይ ነበር። በአዲሱ ምርቱ ዋናውን ዕዳ ጭምር ያካክስና ዘመኑ ያልቃል። ሌላው ልዩነት ብሩን ይዞ መጥቶ የሚያስመልሰው ማን እንደሆነ ነው። በወገራ ርስት ዘመን ይህ የዘመድ ጉዳይ ነበር። አሁን ሁለተኛ አበዳሪ ሊያገኘው የሚችለው ከመጀመሪያው የተረፈውን የእርሻ ዘመን ነው። ከመጀመሪያው አበዳሪ ጋር ለመስማማት ወይም ዕዳውን ከፍሎ በቦታው ለመተካት ቢፈልግ፣ የሚነሣው የፊተኛው መያዣ በየትኛው ቀን እንደተመዘገበና ለስንት የመኸር ወቅት እንደቆየ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ አንብቦ ነው።